ወለል የሌለው ወረቀት

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ልጆቼ «አሁን እንኳ ዕረፊ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ማረፉን አላውቅበትም። ፍኖተ ሰላም ገበያ መሃል የማውቀው ሰው ሲያጋጥመኝ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አንገቱ አጥንት ነው፤ ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ቀጥዬ «ምሳ በላህ?» እላለሁ። ሰውየው ግብዣ ይመስለውና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሌላ ጊዜ» ብሎኝ ያልፋል። ልጋብዘው አልነበረም። ፈርቼ ነው የጠየቅኩት። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ለመናገር ነው ዛሬ ብዕር ያነሳሁት።

ሥራዬ ነርስነት ነበር። የመጀመሪያ ምድቤ ሽንዲ ነበር፤ እዚያ ሥራዬ የሕፃናትን ክንድ በጥብጣብ እየለካሁ እናቶችን «ጨምሩለት፣ ድገሙለት፣ ዘይት ጣል አድርጉበት» ማለት ነበር። ደመወዙ ትንሽ፣ ሪፖርቱ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ከዓመታት በኋላ ወደ ቡሬ ተዛወርኩ። ከዚያም ስሙን የማልጠራው አንድ ሆስፒታል ገብቼ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ተሰጠኝ። ግማሽ ዕድሜዬን «ጨምሩ» ስል ኖሬ በቀረው «ቀንሱ» እንድል ታዘዝኩ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

«ቀንሱ» ማለትን ያስተማረኝ ቡሬ ያገኘሁት ጋሽ አያሌው ነው። የድሮ ነርስ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ዝግ ያለ። ከጆሮው ላይ እርሳስ አይጠፋም ነበር። እህል ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ የቢሮ ሠራተኛው «ክብደት ቀንስ ተብያለሁ» እያለ ሲመጣ ጋሽ አያሌው ሚዛኑን እንኳ ከማየቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል።

«ትናንት ከተኙበት ጀምረው ወደ ኋላ ይንገሩኝ። ምን ሠሩ? ምን ቀመሱ?»

ወደ ኋላ የሚያስኬደው በምክንያት ነበር። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ሲናገር የለመደውን ያወራል፤ ከማታ ወደ ጠዋት ሲመለስ ግን ማሰብ ግድ ይሆንበታል። የረሳት ሁለት ጣሳ ጠላ እዚያ ትገኛለች። ለከብት ውኃ የተወረደበት ቁልቁለትም እዚያ ይገኛል። «አንድ እንጀራ በላሁ» ያለውን ሰው «የቤትዎ እንጀራ ስንት ይሆናል?» ብሎ በክንዱ ያስለካዋል፤ የአንዱ ቤት እንጀራ የሌላውን አንድ ተኩል ይሆናላ። ከአንድ ትሪ አምስት ሆነው የሚበሉትን ደግሞ ጉርሻ ያስቆጥራቸዋል። ሴቶቹ ይስቁበታል፤ እሱ ግን ቆጥሮ ይጽፋል።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ሰውነት ተኝቶ ቢውል እንኳ ለልቡና ለትንፋሹ የሚያስፈልገው ካሎሪ አለ፤ በዚያ ላይ የቀን ሥራውና እንቅስቃሴው ይጨመራል። ከድምሩ አራት መቶ፣ ቢበዛ አምስት መቶ ካሎሪ ይቀነሳል። ሰውየው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሰ በቂ ነው። ጋሽ አያሌው ግን ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ነበር የሚጽፈው። ከታች ያለውን ወለል፣ ከላይ ያለውን ጣራ ይለዋል። ወለሉ ማለት ሰውየው ከዚያ በታች መውረድ የሌለበት ነው።

«መጀመሪያ ወለሉን ጻፊ» ይለኛል። «ጣራውንማ ማንም ይጽፈዋል። የሚንቀሳቀስ ሰው ሲሆን ደግሞ ወለሉን ከፍ አድርጊው። በእርሳስ ደግሞ ይሁን፤ ሰው ነው፣ ይለዋወጣል።»

እኔ በሆዴ «ይህ ሽማግሌ ነገር ያበዛል» እል ነበር።

ከጡረታዬ ከስምንት ዓመት በፊት፣ በወርኃ ጥር፣ መሪጌታ ጥበቡ ወደ ክፍሌ መጡ። በቡሬ ዙሪያ ካሉት ደብሮች በአንዷ ማሕሌቱን የሚመሩ ሊቅ ናቸው፤ ቁመታቸው የተሟላ፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ፣ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማ። ስኳር አለባቸው፤ ሐኪሙ ኪኒን አዝዞላቸው ክብደት እንዲቀንሱ ወደ እኔ ልኳቸዋል። ያን ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ አርባ ካርድ ተቆልሎ ነበር። እርሳሴ ጠፋብኝና በእስክሪብቶ ጻፍኩ፤ ሦስት መስመር።

ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ካሎሪ እንዳይበልጡ። በየቀኑ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ። መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ።

አንድ ሺህ አምስት መቶው በእንጀራና በጭልፋ ስንት እንደሚሆን በቃል አስረዳኋቸው። ትናንት ምን እንደሠሩና ምን እንደቀመሱ አልጠየቅኩም። ወለልም አልጻፍኩም። ቀጠሯቸውን ከፋሲካ በኋላ አደረግኩት።

«እንግዲህ የታዘዝነውን እንፈጽማለን» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ ከተቱት። ቃል አክባሪ ታካሚ ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

እኔ ራሴ ጿሚ ነኝ። ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ ሳይነገረኝ አውቃለሁ፤ በሕማማት ስንት ጊዜ እንደሚሰገድ ጉልበቴ ያውቀዋል። ግን ነጩን ካፖርት ስለብስ ቤተ ክርስቲያኑን ከበሩ ውጭ ትቼ ነበር የምገባው። «እንቅስቃሴ» ስል በእግር መሄድ ነበር የሚታየኝ። ስግደት እንቅስቃሴ መሆኑን፣ ያውም ከባድ እንቅስቃሴ መሆኑን፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። «እንዳይበልጡ» የተባለ ጿሚ ደግሞ ማነሱን ጽድቅ እንጂ ጥፋት አድርጎ እንደማያየው እንዴት ጠፋኝ?

መሪጌታ የታዘዙትን ፈጸሙ። ሁለት ወር ሙሉ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በቀን አንዴ ብቻ ቀመሱ፤ እሷንም ከእኔ ቁጥር በታች። ሐሙስ ማታ ጥቂት ጉልባን በልተው እስከ ፋሲካ ሊያከፍሉ፣ ማለትም እህል ውኃ ሳይቀምሱ ሊቆዩ፣ ወሰኑ። ዓርብ ንጋት ላይ «እንዳያቋርጡ» ስለተባሉ ኪኒኗን ያለ ውኃ ዋጧት። ከዚያ ስግደት ገቡ። ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሕዝቡ ጎንበስ ሲል አብረው ጎንበስ አሉ፤ ሕዝቡ ሲነሳ ግን እሳቸው አልተነሱም። ከቅኔ ማሕሌቱ የድንጋይ ደረጃ ላይ ተንከባልለው ነበር።

እኔም ያን ሰዓት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስሰግድ ነበር። ስልክ ሲደወልልኝ ከነጠላዬ ሮጬ ሆስፒታል ደረስኩ። የጣታቸው ደም ሲለካ ስኳራቸው ወርዶ ወርዶ ነበር። ግሉኮስ በደም ሥራቸው ሲገባ ዓይናቸውን ገለጡ፤ መጀመሪያ የጠየቁት «ስግደቱ አለቀ?» ብለው ነው። ዳሌያቸው ግን ተሰብሯል። ባሕር ዳር ተልከው፣ ወራት ተኝተው፣ በክራንች ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ማሕሌት አልቆሙም። መቋሚያ የያዘ እጃቸው ክራንች ያዘ።

ከዚህ የሚብሰውን ልናገር። በዚያ ምሽት ካርዳቸው ላይ «ታካሚው በራሱ ፈቃድ ምግብ ሳይወስድ መድኃኒት በመውሰዱ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም። ግን ጥፋቱን ሁሉ አልጋ ላይ ለተኛ ሰው አሸክሜ እኔ በንጹሕ እጄ ወጣሁ። ያን ባለ ሦስት መስመር ወረቀቴን ያነበበ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጋሽ አያሌው ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቶ ቡሬ ይኖር ነበር፤ መሪጌታን ሊጠይቅ መጥቶ ከራስጌ ያለው ዳዊት ውስጥ ወረቀቱን አየ። ወደ እኔ ዞረ።

«ወለሉ የታለ?» አለኝ።

በዓመቱ አረፈ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ በእርሳስ ሆነ የምጽፈው። የክፍሌ ግድግዳ ላይ የአጽዋማት መቁጠሪያ ሰቀልኩ፤ የሚመጣውን ሁሉ «ስንት ይሰግዳሉ? ስንት ሰዓት ይበላሉ? በጾም ኪኒኑን እንዴት ያደርጋሉ?» እያልኩ ነዘነዝኩ። ባልደረቦቼ «ሲስተር ዓለምነሽ ንስሐ አባት ሆነች» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። መሪጌታ በየሦስት ወሩ በክራንች እየመጡ ምስጋናቸውን አቅርበው ይሄዳሉ። እኔ ዓይናቸውን ሳላይ ደማቸውን እለካለሁ። እንደዚህ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ጾም ልምጣ። ደብረ ዘይት በዋለበት ሳምንት አንዲት ወጣት ቤቴ መጣች። የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ ማስተዋል ናት፤ ፍኖተ ሰላም ባንክ ውስጥ ትሠራለች። በተማሪነቷ ጉንጫም ነበረች። በሩን ስከፍትላት የአንገቷ አጥንት ነው የተቀበለኝ።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ብዬ ነው። ሠርጌ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ቬሎው እንዲሆነኝ ስፖርት እየሠራሁ ነው። ሰሞኑን ግን ስነሳ ዓይኔን ያጨልመኛል። ቫይታሚን ነገር ቢነግሩኝ።»

አስቀመጥኳት። እጇ ይቀዘቅዛል።

«ትናንት ከተኛሽበት ጀምረሽ ወደ ኋላ ንገሪኝ» አልኳት።

ሳቀችና ጀመረች። ማታ ምንም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ግማሽ እንጀራ በምስር። ከዚያ በፊት ሥራ። ከዚያ በፊት ሰዓቱ አሥራ ሁለት ሳይሞላ ሩጫ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ በሳምንት ስድስት ቀን።

«ወር አበባሽስ?»

አንገቷን ደፋች። «ሁለት ወር ቀርቷል። ከድካም ነው ብዬ።»

ከጥምቀት ወዲህ አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሳለች። ጸጉሯ በማበጠሪያ እየወጣ ነው።

«ይህን ያህል ብቻ ብዪ ብሎ የነገረሽ ማን ነው?»

ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ሳትዘረጋው በፊት አወቅኩት። መታጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል፤ የእስክሪብቶው ቀለም ግን ትናንት የተጻፈ ይመስላል።

«ካባቴ ዳዊት ውስጥ አገኘሁት። የርስዎ ጽሕፈት ነው አይደል? ለአባቴ አንድ ሺህ አምስት መቶ ካሉ፣ እኔ ሴት ነኝ፣ አንድ ሺህ ይበቃኛል ብዬ ነው። ሩጫው አራት መቶ ያቃጥላል ይላል ስልኬ። እንግዲህ እሱ ትርፍ ነው።»

ትርፍ ነው አለች! ከአንድ ሺህ ላይ አራት መቶ በሩጫ ሲወጣ ለልቧ፣ ለአጥንቷ፣ ለማሕፀኗ የሚቀረው ስድስት መቶ ብቻ መሆኑን አላሰበችውም። ለሁለት ዓመት ሕፃን እንኳ አይበቃም። እኔ ወለል ሳልጽፍለት የተውኩት ወረቀት አባትየውን ጥሎ ሳይበቃው ልጅየዋን ሊጥል መጥቷል። ወረቀቱን ከእጇ ተቀበልኩ።

ያኔ «ይህ ልክ አይደለም፣ ተይው» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን በአባቷ ወረቀት ስላመነች ምክንያቱን ካልነገርኳት አትተወውም። ስለዚህ ሁሉንም ነገርኳት፤ አርባውን ካርድ፣ የጠፋውን እርሳስ፣ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ፣ ካርዳቸው ላይ የጻፍኩትን ሳይቀር። ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«አባቴ እኮ ‹ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሲስተር ደግ መክረውኝ ነበር› ነው የሚለን» አለች። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ፣ ሳትሰናበተኝ ወጣች።

አራት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ባንኩ በር ላይ ሁለት ጊዜ ደረስኩና ሳልገባ ተመለስኩ። ከነቁጣዋ እየሮጠች ይሆን? አስፋልት ላይ ብትወድቅስ? በአምስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ መሪጌታ ናቸው።

«ሲስተር፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ እስከ ቡሬ ቢመጡልን። ልጅቱም አለች።»

ሚኒባስ ውስጥ የምናገረውን ስደረድር ሄድኩ፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። መሪጌታ በግቢያቸው ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ክራንቻቸው ከጎናቸው። ማስተዋል ከኋላቸው ቆማለች። ወረቀቱ ጉልበታቸው ላይ ነው።

«መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ከዚያ ከስምንት ዓመት በላይ ያቃጠለኝን ጠየቅኩ። «ያኔ ወለሉን ጽፌልዎት ቢሆን ኖሮ ይበሉ ነበር?»

ጢማቸውን ዳበሱ።

«ሊቀለኝ ብዬ አልዋሽዎትም» አሉ። «በዕለተ ስቅለትስ አልበላም ነበር። ግን ‹ከዚህ በታች እንዳይወርዱ› የሚል ቃል ባይ ኖሮ፣ ‹ታዲያ ኪኒኗን ምን ላድርጋት?› ብዬ እመጣልዎት ነበር። ሁለት ትእዛዝ ሲጋጭ እንጠይቃለን። አልተጋጨብኝማ! ሁሉም ቀንስ፣ ሁሉም ጹም ነበር የሚለኝ።»

ይቅርታውን ከዚህ በላይ አላሳመሩትም፤ እኔም እንዲያሳምሩት አልፈለግኩም። ወረቀቱን አጥፈው ለእኔ ሰጡኝ።

«አሁን ለዚች ልጅ ይጻፉላት። እኔም ልስማ።»

ማስተዋል ፊቴ ተቀመጠች፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም። እሳቸው እየሰሙ እንደገና ወደ ኋላ አስኬድኳት። የትናንቱን ምግቧን ስትናገር መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከቦርሳዬ እርሳሴን አወጣሁ። ወለሉን ጻፍኩ፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ። በእንጀራ፣ በሽሮ፣ በባቄላ፣ በተልባና በድንች ዘረዘርኩት። ጣራ አልጻፍኩም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ጣራ የሌለው ወረቀት ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እስከ ሠርግሽ አንድም ኪሎ አትቀንሺም» አልኳት። «ሩጫውን አቁመሽ ነገ ሐኪም ታዪና ደምሽን ተመርመሪ። ወር አበባሽ ሲመለስ፣ ያኔ ካስፈለገሽ ቀስ ብለን እናስባለን።»

«ቬሎውስ?» አለች፤ እንባዋ መጣ።

«ልብስ ሰፊ ጠፍቶ ነው?» አሉ አባቷ። «እኔ ልጄን እንጂ ቬሎ አልዳርም።»

ንስሐ አባቷን ጠርተው አነጋገሯቸው። ቄሱም በቀን ሦስት ጊዜ የጾም ምግብ እንድትበላ፣ በሕማማት እንዳትሰግድ ፈቀዱላት። ሐኪሙም አያት፤ ደሟ አንሶ መድኃኒት ጀመረች። እኔ ግን ወረቀት መጻፍ ብቻውን ሰው እንደማያድን ስለማውቅ አላመንኩም። በየቀኑ እየደወልኩ «ምን በላሽ?» እላታለሁ። አንዳንዴ ተቆጥታ ትዘጋብኛለች። መልሼ እደውላለሁ።

የስቅለት ዕለት ቤቴ መቀመጥ አልቻልኩም። ገና በጠዋት ቡሬ ወርጄ ከደብራቸው ገባሁ። ሕዝቡ «ኪርያላይሶን» እያለ ይሰግዳል፤ ማስተዋል ከሴቶቹ መሃል ቆማለች። መሪጌታ ከግቢው ዋንዛ ዛፍ ሥር ወንበራቸው ላይ ናቸው። እኔ ለስግደት ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ዓይኔ ከልጅቱ እግር አይነቀልም። ጸሎቱን አልሰማሁትም፤ እሷን ስጠብቅ ዋልኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሌሎቹ ጎንበስ ሲሉ እሷም ነጠላዋን አመቻችታ ጎንበስ ልትል ስትቃጣ አየሁ።

ክራንች ድንጋይ ሲመታ ተሰማ። ያ ከኮሪደር ጫፍ የሚሰማ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ «ማስተዋል፣ ይበቃል፤ ነይ ተቀመጭ» አለ።

መጣችና ከአባቷ እግር ሥር ተቀመጠች። በፌስታል የቋጠረችውን ጉልባን አውጥታ፣ ከሰው ዞር ብላ በላች። እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ድረስ አየሁ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፤ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ዋንዛው ዞረብኝ።

በሕማማት ሰላምታ የለም። ስለዚህ መሪጌታ እንደምን ዋሉ አላሉኝም። ፊቴን ረጅም ጊዜ አዩኝና እንዲህ አሉኝ፤

«አንቱስ፣ ሲስተር? ትናንት ከተኙበት ጀምረው ወደ ኋላ ይንገሩኝ። ምን ቀመሱ?»

ከማታ ጀምሬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ማታ ምንም። ትናንት ቀን ስልክ ስደውል። ጠዋት የደም ግፊት ኪኒኔን። ከትናንት ወዲያ ሄድኩ፤ እዚያም ምግብ አላገኘሁም።

ማስተዋል ፌስታሉን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።